አባ ንቁ እና አጭሩ አግዳሚ

ሰው ሁሉ አባ ንቁ ይለዋል። ስሙን ያወጡለት የመዘምራን ልጃገረዶች ናቸው፤ ያወጡለትም ንቁ ስለሆነ አይደለም። እሑድ ጠዋት ከኋላ ተቀምጦ አንገቱ ወደ ደረቱ ዘንበል ብሎ ሲያንቀላፋ ከመድረክ ሆነው ያዩታል፤ እየዘመሩ ሳቃቸውን መያዝ ያቅታቸዋል። «አባ ንቁ ዛሬም እንደነቁ ናቸው» ይባባላሉ ሲወጡ። እሱ ይህን ሰምቶ አልተቆጣም። «ከዚህ በፊት ‹አንተ ዘበኛ› ነበር የሚሉኝ፤ ደግ አደረጉ» አለኝ።

ስለ እሱ ልጽፍ የተነሣሁት ትልቅ ነገር ስለሠራ አይደለም። መጋዘን ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያናችን በሯን ለሰው ልትከፍት ብዙ ስትደክም አይቻለሁ፤ ድካሟም ከልብ ነበር። በዚያ ድካም መካከል ይህ ሰው ምን እንደ ደረሰበት ደግሞ አጠገቡ ሆኜ ያየሁት እኔ ነኝ። የእኔ ሙያ አናጢነት ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ ወዲህ፣ በራሴ ትግል ነው። ስለዚህ አንባቢ ቀጥ ያለ ጣውላ ይጠብቅ እንጂ ጌጥ አይጠብቅብኝ።

አባ ንቁ አባቱን አያውቅም። ያሳደገው አጎቱ ነው፤ አጎቱም «የበላኸውን በትከሻህ መልስ» የሚል ሰው ስለነበር ገና በልጅነቱ ወደ እህል መጋዘን ወሰደው። ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። ወገቡ እምቢ ሲለው አለቆቹ አዘኑለትና የዚያው መጋዘን የሌሊት ዘበኛ አደረጉት። «ተሸክሜ ያስገባሁትን ዱላ ይዤ ጠበቅኩት። ከሁለቱም ለእኔ የደረሰኝ አቧራው ነው» እያለ ይስቃል።

ያገባት ሴት የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። እሷ ቀን ትሠራለች፣ እሱ ሌሊት። ጠዋት እሱ ሲገባ እሷ ትወጣለች፤ ማታ እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል። ጨዋታቸው ሁሉ በር ላይ ነበር፤ አንዱ ጫማውን እያወለቀ፣ ሌላዋ ጫማዋን እያጠለቀች። «አልጋችን በርዶ አያውቅም ነበር» ብሎኛል። «እሷ ስትነሣ እኔ እገባለሁ፤ ሙቀቷን ትታልኝ ትሄዳለች። ሰው ባልና ሚስት አብረው ሲተኙ ነው ይላል፤ እኛ በየተራ ተኝተን አንዲት ልጅ ወልደናል!» እንደ ልማዱ ሊያስቀኝ ነበር። ነገር ግን ይህን የነገረኝ እሷ ከሞተች በኋላ ነበር።

ሚስቱ ስትሞት እንቅልፉም አብሯት ሄደ። ጠዋት ከሥራ ሲመለስ አልጋው ቀዝቃዛ ነው። በዚያ ላይ ከግድግዳው ወዲያ ባልዲና ማንቆርቆሪያ የሚሠራ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ አለ፤ ፀሐይ ከወጣች መዶሻው አያርፍም። ልጁ አግብታ የራሷን ጎጆ ወጥታለች። አልፎ አልፎ መጥታ ልብሱን ስታጥብለት «አባዬ፣ ዓይንህ ፍም መስሏል፤ ምናለ ብትተኛ» ትለዋለች። «እንቅልፍን በምን ልጥራው? ስልክ የለው» ይላታል።

እኛ ዘንድ ያመጣው ዝናብ ነው። እሑድ ጠዋት ከመጋዘኑ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ዶፍ ያዘው፤ ሲሮጥ የተከፈተ በር አየና ዘሎ ገባ። ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ያወቀው ከገባ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አጥራችን ቆርቆሮ ነበር፤ በሩንም የሚዘጋው ሰው ስላልተመደበ ክፍት ይውላል።

አግዳሚ ወንበሮቹን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሁሉም እኩል ናቸው፤ ከአንዱ በቀር። ጣውላው አላዳርስ ሲለኝ በተረፈው ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ አጭር አግዳሚ ሠራሁና ከኋላ፣ ከምሰሶው አጠገብ አስቀመጥኩት። ምሰሶው መድረኩን በከፊል ስለሚጋርድ ማንም አይፈልገውም። እኔ ግን ወደድኩት፤ ደገፍ ለሚል ሰው ምሰሶው እንደ ትከሻ ነው። ያን ቀን ሰውዬው ውሃው እየተንጠባጠበ በሩ ሥር ቆሞ ሳየው ፈቀቅ አልኩለት። መጥቶ ተቀመጠ። ምንም አላልኩትም፤ ምንም አላለኝም። ስብከቱ ሳይጀመር ምሰሶውን ተደግፎ እንቅልፍ ወሰደው።

ማንኮራፋት ሲጀምር ጎኑን ነካ አደረግሁት፤ ተወው። ለቡራኬ ስንነሣ እሱም ብድግ አለ። ሰዉን አይቶ ሁለት እጆቹን ዘረጋ፤ ጆንያ የሻከራቸው መዳፎች ናቸው። «አሜን» አለ ከሁላችንም ዘግይቶ። ሲወጣ ወደ አግዳሚው እያመለከተ «ይህ ቦታ የማን ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

«የማንም አይደለም።»

«በሚቀጥለው እሑድም የማንም ካልሆነ እመጣለሁ» አለ። መጣም። ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ፤ ከሞላ ጎደል አንድም እሑድ አልቀረም። ስብከቱን ይተኛል፤ ለቡራኬ ይነቃል። እንዴት እንደሚነቃ አላውቅም፤ እኔ ነክቼው አይደለም። አንድ አስተናጋጅ ሊቀሰቅሰው ቢሞክር የዚያን ጊዜው መጋቢያችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ «ተዉት፤ ልጅ በአባቱ ቤት ይተኛል» ብለው አስጣሉት።

አንድ ቀን እየወጣን ሳለን ነገር ፈለግሁት። «አንተ ሰውዬ፣ እዚህ የምትመጣው ለመተኛት ነው?»

«አንተስ ለመንቃት ነው የምትመጣው?» አለኝ መልሶ። ከዚያ ቆም አለ። «እየው አናጢ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሰው ንብረት ስጠብቅ አድራለሁ። አይጥ ኮሽ ባለ ቁጥር ባትሪዬን አበራለሁ። እዚህ ስገባ ግን እኔን የሚጠብቀኝ ያለ ይመስለኛል። ሌላ ቦታ እንደዚህ መስሎኝ አያውቅም። እሷ ከሞተች ወዲህ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ። እሑድ ጠዋት ከዚያ ምሰሶ ሥር መቀመጥ ነው። ከዚህ ዓለም ሌላ ነገር ሲጠይቅ አልሰማሁትም።

አዲሱ መጋቢ ሲመጡ ብዙ ነገር ተለወጠ፤ አብዛኛውም ወደ ደግ ነው። ወጣት ናቸው፣ ተምረዋል፣ ለሰው ያለቅሳሉ። ሰባኪ የሚያለቅሰው ማይክሮፎን ፊት ብቻ ነው የሚሉ ሰዎች እሳቸውን ከበሽተኛ ቤት ሲወጡ ቢያዩዋቸው እወዳለሁ። በመጀመሪያው ወር «ቤተ ክርስቲያን ለራሷ የምትኖር ማኅበር አይደለችም፤ ወደ ሰው የተላከች ናት» ብለው ሰበኩ። ልክ ናቸው። ስንት ዓመት እርስ በርሳችን ብቻ ስንሳሳም ኖረናል። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢዋም ጡረታ የወጡ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኑ። ሥልጠና ተሰጠ። ግድግዳው ላይ «በራችን ክፍት ነው» የሚል የዓመቱ መሪ ቃል ተሰቀለ። አስተናጋጆች ደረታቸው ላይ ባጅ አንጠለጠሉ። ከፊት ለእንግዶች ብቻ የሚሆኑ ሪባን የታሰረባቸው ስፖንጅ ወንበሮች ተደረደሩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ሰው ይነሣል፣ ስሙን ይናገራል፣ ይጨበጨብለታል፣ መዘምራኑ አንድ አጭር መዝሙር ይዘምሩለታል።

አባ ንቁ ይህን ከኋላ ሆኖ ባንድ ዓይኑ ያይ ነበር። «እግዜር ይስጠው ለዚያ ዝናብ» አለኝ በሹክሹክታ። «ቀድሞ ባያመጣኝ ይህን ሁሉ እዳ አልችለውም ነበር።»

በሩ በሰፊው ሲከፈት ግን ሌባም ገባ። አንድ እሑድ የአንዲት እናት ቦርሳ ጠፋ፤ በሌላው እሑድ የመኪና መስታወት ተሰበረ። የቆርቆሮው አጥር ፈርሶ ግንብ ተሠራ፤ ትልቅ የብረት በር ተገጠመለት። ለበሩ ደግሞ ዘበኛ ሊፈለግ ግድ ሆነ።

በዚያው ሰሞን የእህል መጋዘኑ ተዘጋ። አባ ንቁ ሥራ ፈታ። ለማንም አልተናገረም፤ ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ፤ እኔ ደግሞ ለባለቤቴ። ባለቤቴ ጆሮዋ ያስገባውን አፏ አይችለውም፤ ኮሚቴው ሰማ። እነሱ ዘንድ ደስታ ሆነ። ለጎረቤታችን ምን እናድርግ ሲሉ ወር ሙሉ ጸልየዋል፤ እነሆ ጎረቤቱ ከገዛ ወንበራቸው ላይ ተኝቶ ተገኘ።

መጋቢው በጉባኤ ፊት አስጠሩት። ከምሰሶው ሥር ደንግጦ ተነሣ፤ ሌባ የመጣበት መስሎት መሰለኝ እጁ ዱላውን ፈለገ። ሰው ሳቀ። «ወንድማችን ከዛሬ ጀምሮ የቤተ ክርስቲያናችን ዘበኛ ናቸው! ከእንግዲህ እንግዳ አይደሉም፤ ቤተሰብ ናቸው!» አሉ መጋቢው። ጭብጨባው ቤቱን አናወጠው። ያላለቀሰ አልነበረም። አባ ንቁ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ዳይሬክተሯ የሚያንጸባርቅ አረንጓዴ ሰደርያ አለበሱት፤ ከጀርባው «እንኳን ደህና መጡ» የሚል በትልቁ ተጽፎበታል።

በቀጣዩ እሑድ አጭሩ አግዳሚ ላይ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው፤ ለእሱም እንደዚያው። ዘበኛ እሑድ በር ላይ ነው የሚቆመው። ሰው የሚበዛው እሑድ ነው፤ ሌባም የሚመጣው እሑድ ነው። በአገልግሎቱ መካከል ሾልኬ ወጣሁ። ዝናብ በቅጡ በማያስጥለው ጠባብ የዘበኛ ቤት ፊት ቆሟል። የብረቱን በር ነፋስ ስለሚመልሰው ሰው በመጣ ቁጥር በሁለት እጁ ስቦ ይይዘዋል። ፊቱ ወደ መንገድ ነው፤ «እንኳን ደህና መጡ» የሚለው ጽሑፍ የሚታየው ከውስጥ ለሚወጣ ሰው ነው።

«አሁን ማን እየጠበቀህ ነው?» አልኩት።

«ዝም በል፤ ዘበኛ በሥራ ሰዓት አያወራም» አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ «ምን ላይ ነው የደረሱት?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ስብከቱ መሐል።»

«ጥሩ የእንቅልፍ ሰዓት ነው» አለ።

«እነግራቸዋለሁ።»

ክንዴን ያዘኝ። «ተው አናጢ! ጉሮሮዬን ትዘጋብኛለህ። ከልባቸው ነው የሰጡኝ። ሰው ከልቡ የሰጠህን ምን ብለህ ትመልሳለህ?»

እኔ ግን ዝም ማለት አይሆንልኝም። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ክራባቴን አስሬ ሄድኩ። ሲያዩኝ ሁሉም ተነሡ፤ በዚህ ቤት ሽማግሌ ይከበራል፤ በእርሱ አላማቸውም።

«አባታችን፣ ይቀመጡ» አሉ ዳይሬክተሯ።

«ቆሜ ልናገር። አጭር ነው። አባ ንቁ እሑድ እሑድ ይግባ፤ ከነበረበት ይቀመጥ።»

«ማን ከለከላቸው?» አሉ ደንግጠው።

«እናንተ ናችኋ። በር ላይ አቆማችሁት።»

«ኧረ አባታችን፣ እኛ ሥራ ነው የሰጠናቸው!»

«ሥራውን አልነቀፍኩም። ሌላውን ቀን ሁሉ ይጠብቅ። እሑድ አገልግሎት ሲጀመር በሩን ይዝጋና ይግባ ነው የምለው።»

«በሩ ይዘጋ?» አለ አንድ ወጣት የኮሚቴ አባል። «አባባ፣ መሪ ቃላችን እኮ በራችን ክፍት ነው የሚል ነው።»

«እንግዲያው ክፍቱን ትቶት ይግባ።»

«ክፍቱን ከተተወማ ሌባ ይገባል።»

«ከአስተናጋጆቹ አንዱ በየተራ ይቁማ!»

«አስተናጋጆች ለእንግዳ ነው የሠለጠኑት፤ ውስጥ ያስፈልጋሉ» አሉ ዳይሬክተሯ፤ በትሕትና ነው የሚናገሩት።

ሁሉም መልስ ነበረው፤ መልሱም ሁሉ ትክክል ነበር። ብዙ ቤት ሠርቻለሁ፤ እያንዳንዱ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ሳለ ቤቱ በር ሳይኖረው ሲቀር ግን ያየሁት ያን ቀን ነው። እኔም እንደ ልጅ እልህ ያዘኝ። «ሰውዬው እዚህ የሚመጣው ለመጠበቅ አይደለም! መጠበቅማ ሲጠብቅ ኖሯል። የሚመጣው የሚጠብቀው አግኝቶ ቁጭ ሊል፣ ቃሉን ሊሰማ፣ ቡራኬ ሊቀበል ነው» አልኩ። እዚያ ብቻ እንቅልፍ እንደሚወስደው አልነገርኳቸውም፤ የእሱ ምስጢር ነው።

መጋቢው ራሳቸውን ያዙ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አባታችን እውነት አላቸው» አሉ። «አንድ ሽማግሌ ያን ሁሉ ሰዓት ቆሞ ቃሉን ሳይሰማ! እንዴት አላየነውም? እንጸልይበትና መልስ እንሰጥዎታለን።»

ልቤ ሞቅ ብሎት ቤቴ ገባሁ። ለባለቤቴ ነገርኳት። እሷ ልብስ እያጠፈች ነበር፤ ቀና አላለችም። «እነዚህ ልጆች ሲቆጡ አይደለም የሚያስፈሩኝ፤ ሲያዝኑ ነው» አለች።

እሑድ ደረሰ። በጠዋት ሄጄ በሩ ላይ አባ ንቁን እያጫወትኩት ሳለ ከውስጥ መዝሙር ተሰማ። አራት ጎረምሶች አንድ ነገር ተሸክመው በመሐል መተላለፊያው ይመጣሉ፤ ዳይሬክተሯ ከኋላ፣ መጋቢው ከፊት ናቸው። ሲቃረቡ አወቅሁት። ያለ ምስማር ያጋጠምኩትን እግሩን፣ ዳር ላይ ያለውን ጥቁር የጣውላ ዓይን አወቅሁት። አጭሩን አግዳሚ ነው የተሸከሙት።

በዘበኛ ቤቱ ግድግዳ አጠገብ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያው ክፈፍ ሥር አስቀመጡት። አንዱ መሰላል ወጥቶ ግንቡ ላይ ድምፅ ማጉያ ሰቀለ። መጋቢው ጸለዩ፤ ስለ አባ ንቁ አመሰገኑ፤ ስለ እኔም አመሰገኑ። «ከእንግዲህ ወንድማችን ተቀምጠው ቃሉን ይሰማሉ» አሉ። ተጨበጨበ። ሁሉም እጁን እየጨበጡት ወደ ውስጥ ተመለሱ።

አባ ንቁ አግዳሚውን አየ። እኔን አየ።

«አናጢ» አለ፣ «ምንድን ነው ያልካቸው?»

«ወንበሩ ላይ መልሱት ነው ያልኳቸው።»

«እነሱስ?»

«እንደምታየው።»

መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ሳል ሆነበት፤ ሳሉ ዓይኑን አስለቀሰው፤ የቱ የሳቅ የቱ የሌላ እንደሆነ እኔም አልለየሁም። «በል እንግዲህ ሁለተኛ አትማልድልኝ» አለ ጉልበቱን ይዞ። «ደግመህ ከማለድክልኝ ምሰሶውን ነቅለው ያመጡልኛል፤ ጣሪያው ይወድቅባቸዋል!»

ሌላ አግዳሚ ልሠራ አስቤ ነበር። ጣውላም መርጬ ነበር። ነገር ግን እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆይቷል፤ መላጊያው አልታዘዝ አለኝ። ቢታዘዘኝስ? ከምሰሶው ሥር ባዶው ቦታ ላይ የመጽሔት መደርደሪያ ቆሟል፤ አግዳሚዎቹም በሙሉ በስፖንጅ ወንበር ሊለወጡ ተወስኗል። ለሰው ምቾት ነው። ደግሞስ ወንበሩ ቢኖር እሱ በሩን ለማን ትቶ ይገባል?

ስለዚህ እኔ ወደ እሱ ወጣሁ። በቀጣዩ እሑድ አገልግሎቱ ሲጀመር ሄጄ ከጎኑ ተቀመጥኩ። ፈቀቅ አለልኝ። «ይህ ቦታ የማን ነው?» አልኩት። «የማንም አይደለም» አለኝ።

ይህን ደግሞ አዩና ወደዱት። ሳምንት ሳይሞላ ዳይሬክተሯ በጉባኤ ፊት ስለ እኔ ተናገሩ፤ «አባታችን በዚህ ዕድሜያቸው የበር አገልግሎት ጀምረዋል» አሉ። አረንጓዴ ሰደርያ ተሰጠኝ። ክራባቴ ላይ ደርቤ ለበስኩት፤ ከልብ የተሰጠ ነገር አይመለስም። ባለቤቴ ስታየኝ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «አናጢ አግብቼ ከዘበኛ ጋር ላረጅ ነው?» አለች።

ድምፅ ማጉያውም አልሰነበተ። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩ ሰዎች እሑድ ጠዋት እንቅልፍ ነሣን ብለው አመለከቱ። መጋቢው ጎረቤትን አናስቀይምም ብለው አስዘጉት፤ ይህም ልክ ነው። «አየህ፣ እነዚያ ሰዎች ገብቷቸዋል» አለ አባ ንቁ። «እሑድ ጠዋት የእንቅልፍ ነው።»

«ተኛ እንግዲህ። እኔ አለሁ፤ በሩን አያለሁ» አልኩት ብዙ ጊዜ። ግድግዳውን ተደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ነገር ግን የእግር ኮቴ በሰማ ቁጥር ብድግ ይላል። «እኔ አልተኛም ብዬ አይደለም፤ በሩ ነው» ይላል። «በር ፊት ተኝቼ አላውቅም። ሚስቴ እንኳ በር ላይ ስትስመኝ ዓይኔ መንገድ ላይ ነበር።»

አሁን ያለፈውን እሑድ ልናገርና ላብቃ።

ዝናብ ይዘንባል። ስብከቱ አልቆ የጸሎት ሰዓት ነበር፤ ከውስጥ «የጠፉትን አምጣልን» እያሉ ሲጮኹ በስሱ ይሰማናል። አንዲት ሴት እየሮጠች መጥታ በሩ ጋ ቆመች። ከካፖርቷ ሥር ሰማያዊ የጽዳት ጋዋን ይታያል፤ እጇ በውሃና በሳሙና ብዛት ነጥቷል። የሌሊት ተረኛ ሆና አድራ መውጣቷ ነው፤ ዓይኗ ይናገራል። አባ ንቁ ያን ጋዋን ሲያይ ምን እንዳሰበ አልጠየቅሁትም።

«ዝናቡ እስኪያባራ እዚህ ጥግ መቆም ይቻላል?» አለች።

«ግቢ እንጂ እህቴ፣ ለምን ትቆሚያለሽ?» አለና በሩን ሳበላት። «ወደ ውስጥ ግቢ። ከኋላ ምሰሶ አለ፤ ከምሰሶው አጠገብ አጭር…» ብሎ አቋረጠ። ዞሮ አግዳሚውን አየው። እኔ የተቀመጥኩበት ነው።

ፈቀቅ አልኩላት። እሱ ቆሞ ቀረ፤ አግዳሚው ሁለት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው። ተቀመጠች። አላናገርናትም። ግድግዳውን ተደገፈች፤ ትንሽ ቆይታ ጫማዋን ከተረከዟ አላቀቀች፤ ዓይኖቿ ተከደኑ። አባ ንቁ በቆመበት የመንገዱን ድምፅ እንኳ ሊያስቆም እንደፈለገ ሰው እጁን ወደኔ አንሥቶ «እሽሽ» አለኝ። ፊቱን ከዚያ በፊት እንደዚያ አይቼው አላውቅም። እሱ በዚያች ሰዓት ሥራ ላይ አልነበረም፤ ወይም እውነተኛ ሥራውን ያን ጊዜ ነው የጀመረው።

ብዙ አልቆየም። ከውስጥ አንዲት አስተናጋጅ ጃንጥላ ይዛ ሮጣ መጣች። ደግ ልጅ ናት፤ የመዘምራን ልጅ ሳለች ለአባ ንቁ ስም ካወጡለት አንዷ ነበረች። «እንኳን ደህና መጡ!» አለች ደስ ብሏት። «ለመጀመሪያ ጊዜ ነው? ምነው ብርድ ላይ ተቀመጡ? ይምጡ፣ ከፊት የእንግዳ ወንበር አለ። ስምዎን ማን ልበል?»

ሴትየዋ ባንና ተነሣች። ጋዋኗን አየች፤ የተላቀቀ ጫማዋን አየች፤ በተከፈተው የአዳራሽ በር ውስጥ ሪባኖቹንና መብራቱን አየች። «አይ፣ እኔ መንገደኛ ነኝ። ዝናቡን ነው» አለች። ልጅቷ ጃንጥላውን ዘረጋችላት። ሴትየዋ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ከጃንጥላው ሥር ወጣችና በዝናቡ ውስጥ ሄደች።

አስተናጋጇ ፊቷ ጠየመ። «ምን አጠፋሁ አባ ንቁ? አስቀየምኳቸው?»

«ኧረ ልጄ፣ ምንም አላጠፋሽ። ጥሩ አድርገሽ ነው የተቀበልሻት» አላት። እውነቱን ነው። እንዳዘዟት፣ ከልቧ፣ በፈገግታ ነው የተቀበለቻት። ጃንጥላዋን አጥፋ እያዘነች ገባች።

አግዳሚው ላይ ሴትየዋ የተቀመጠችበት እርጥብ ሆኖ ይታያል። አባ ንቁ ሰደርያው እጅጌ ስለሌለው በክንዱ ሊጠርገው አለና ተወው።

«አናጢ» አለኝ፣ «ያን ቀን፣ እኔ በዝናቡ የገባሁ ቀን፣ ምን ነበር ያልከኝ?»

«ምንም አላልኩህም።»

«አዎ» አለ። «ምንም።»

ይህን ለማን እንደምነግር አላውቅም። ለኮሚቴው ብነግር ይሰሙኛል፤ ያዝናሉ፤ ይጸልዩበታል። ስለ ዝምታ ሥልጠና ይሰጥ ይሆናል። መጋቢውን ብነግራቸው ያለቅሳሉ። እኔ በሰማንያ ዓመቴ ደጃፍ ላይ ሆኜ በአንድ ሰው ልቆጣ ፈልጌ የምቆጣበት ሰው አጣሁ።

አዳራሹ ውስጥ ሰዎች ሲነሡ የወንበሩ ድምፅ ተሰማ። የቡራኬው ሰዓት ነው። ቃሉ ግን እኛ ዘንድ አይደርስም፤ ዝናቡ በዘበኛ ቤቱ ቆርቆሮ ላይ ያንጎራጉራል። ድሮ በዚህ ሰዓት ማንም ሳይነካው ከእንቅልፉ ይነቃና እነዚያን ሻካራ መዳፎች ይዘረጋ ነበር። አሁንም ሰዓቱን አውቆታል። በቆመበት ቀና አለ፤ እጆቹም ተነሡ። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እየወጡ ስለነበር ወደ በሩ ሄደ። ነፋሱ በሩን እየመለሰበት ነው። ፊቱን ወደ መንገድ አዞረ፤ የጀርባው ጽሑፍ ወደኛ ሆነ። «እግዚአብሔር ይባርክዎ አባ ንቁ!» እያሉ ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹ ሊጨብጡት እጃቸውን ይዘረጉለታል።

«አሜን፣ አሜን» ይላል። ሊጨብጣቸው አልቻለም። ሁለቱም እጆቹ ብረቱን ይዘዋል።